ከኩሬው የወጣ አፈር

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ታናሽ እህቴ ከቤታችን ጓሮ በታች ባለው ኩሬ ገብታ ሞተች። አራት ዓመቷ ነበር። ስለ እሷ የማስታውሰው ጥቂት ነው። ስትተኛ የነጠላዬን ጫፍ አፏ ውስጥ ትከት ነበር፤ «ረ» ማለት አልሆነላትም ነበር። የምጽፈው ከዚያ በኋላ አባቴ ስላደረገው ነገር ነው።

የምንኖረው ሰበታ ነበር፣ ከጅማ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። አባቴ የመንዝ ሰው ነው፤ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተቀጥሮ መጣና እዚያው ቀረ። ቤታችን ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ጓሮው ሰፊ ነው፤ አፈሩ ግን ጭንጫ ስለሆነ ከጌሾና ከጤና አዳም በቀር የሚይዝ ነገር አልነበረም። ኩሬው ጣሊያን መንገዱን ሲሠራ ድንጋይ ያወጣበት ጉድጓድ ነው ይባላል። ጣሊያን ሄደ፣ ጉድጓዱ ቀረ፣ ክረምት ሞላው፤ ከዚያ ወዲህ ጨርሶ ደርቆ አያውቅም። ዳር ዳሩን ቄጤማና ደንገል ከቦታል። መሃሉን ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ቅጠለ ደቃቅ የውሃ አረም ይሸፍነዋል። ጥግግት ብሎ ስለሚበቅል ከላይ ለሚያየው ሰው ሜዳ ይመስላል። ወፎች እንኳ እላዩ ላይ ይራመዱበት ነበር።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ወሩ ጥቅምት። እኔና እናቴ ገበያ ውለን ስንመለስ ከሩቅ ሰው ተሰብስቦ አየን። አባቴ እስከ ደረቱ ረጥቦ፣ ጢሙ ላይ አረም ተጣብቆበት መሬት ላይ ተቀምጧል። እህቴን በጋቢ ሸፍነዋታል። እናቴ ዘንቢሉን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«የት ነበርክ?» አለችው።

ሦስት ጊዜ ጠየቀችው። ሦስቱንም ጊዜ ጉልበቱን እያየ ዝም አለ። ከዚያ ሴቶቹ መጥተው ያዟት።

ጥያቄውን ከዚያ በኋላ ደግማ አልጠየቀችም። ሌላ ነገር ግን ተለወጠ። እናቴና አባቴ አንተ፣ አንቺ ነበር የሚባባሉት፤ የዕድሜያቸው ልዩነት ሰፊ ስለነበረ ጎረቤት እንኳ ይገረምባቸው ነበር። ከቀብር በኋላ እናቴ አባቴን አንቱ ትለው ጀመር። «ምሳዎ ቀርቧል»፣ «ኮትዎ ታጥቧል» ትለዋለች። የማያውቅ ሰው አክብራው ሊመስለው ይችላል። አባቴ የመጀመሪያ ቀን ሲሰማት ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ እንጀራው መለሰ። ከዚያ ቀን ወዲያ በቤታችን ውስጥ እንግዳ ሆኖ ኖረ።

የእህቴ አርባ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ። ሱሪውን እስከ ጭኑ ጠቀለለና ማጭድና የእንጨት መንሽ ይዞ ወደ ኩሬው ወረደ። እኔ ተከተልኩት።

«አባባ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«አረሙን ላወጣው ነው።»

«ለምን?»

«ሰው ሜዳ እንዳይመስለው» አለና ገባ።

ስለዚያ ቀን ከአባቴ አፍ የሰማሁት እሱን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሥራ መልስ ፀሐይ እስክትጠልቅ እየገባ ያወጣ ነበር። ቄጤማውን በማጭድ ይቆርጣል፣ ተንሳፋፊውን አረም በመንሹ እየሳበ ዳር ላይ ይከምራል። ሲወጣ እግሩ ላይ አልቅት ተጣብቆበት ይወጣል። እኔ ጨው አምጥቼ እነሰንስበታለሁ፤ አልቅቱ ይወድቃል፣ ደሙ ግን ቶሎ አይቆምም። አባቴ እንደ ሌላ ሰው እግር አድርጎ ያየው ነበር።

ክምሩ ከእኔ ቁመት በላይ ሆነ። በሳምንቱ መሽተት ጀመረ። የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ፣ ልብስ ላይ የሚቀር ሽታ ነው። አንዲት ጎረቤታችን እናቴ ዘንድ መጥታ ቤቷ መግባት እንዳልቻለች ተናገረች። እናቴ ልብስ እያጠፈች ነበር።

«እሳቸውን ጠይቂ» አለቻት። «እኔ የማውቀው ነገር የለም።»

አባቴም ሽታው ሰው እንዳያስቸግር አረሙን ወደ ጓሯችን ማጋዝ ያዘ። ክረምቱ ካለፈ ወራት ስለሆኑ ኩሬው ሸሽቶ ዳሩ ላይ ጥቁር ደለል ትቷል። እሱንም በአካፋ እያወጣ መደብ መደብ አድርጎ ጓሮው ላይ አፈሰሰውና የጎመን ችግኝ ተከለበት። ጥቁር አፈር ሁሉ ለም መስሎት ነው፤ ከብዕር በቀር የያዘው ነገር አልነበረምና። ጥሬው ደለል በአንድ ሳምንት ፀሐይ እንደ ሸክላ ደረቀ፣ ተሰነጣጠቀ፣ ችግኞቹንም አንገታቸው ላይ አንቆ ገደላቸው። አባቴ ከስንጥቁ ውስጥ አንድ በአንድ እየነቀለ ወደ አጥሩ ይወረውር ነበር።

ከኩሬው ማዶ የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ መሬቱ አዲስ አበባ የሚኖር የአንድ ባለርስት ነው፣ እሳቸው ጭሰኛ ናቸው። እናቴም እኔም ኦቦ ብቻ ነበር የምንላቸው፤ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት ነው። በዚያ ሰሞን ከአጥራችን ብዙ አይርቁም ነበር። ችግኙ በሞተ ጊዜ ገቡና «አካም ቡልታኒ» ብለው ሰላምታ ሰጡን፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ከተሰነጠቀው ደለል አንድ ገል አንስተው በጣታቸው ሰበሩት።

«ይኼ ገና ጥሬ ነው» አሉ። «እንደ ሊጥ ነው፣ ሳይቦካ አይበላም። ከአረሙ ጋር ይቀላቀል። ዲኬ እኔ አመጣለሁ።»

ዲኬ የሚሉት የከብት ፍግ ነው። በማግስቱ በአህያ ጭነው አመጡ፤ በሳልስቱም ደገሙ።

ለአባቴ ሁሉንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አረሙ ከውሃ እንደወጣ አይከመርም፤ ሁለት ሦስት ቀን ተዘርግቶ ውሃው ይንጠፈጠፍለታል። ከዚያ ከሥር የጤፍ ገለባ ይነጠፋል፣ በላዩ አረም፣ በላዩ ፍግ፣ በላዩ ስስ ደለልና የምድጃ አመድ፤ እንደገና ገለባ። ላዩ ፀሐይ እንዳይመታው በእንሰት ቅጠል ይሸፈናል። ሦስት ሳምንት ሲሞላው ይገለበጣል። ኦቦ ከመገልበጡ በፊት ዱላቸውን እስከ መሃሉ ሰክተው ትንሽ ይቆዩና ይነቅሉታል፤ ጫፉን በመዳፋቸው ይጨብጣሉ። የሚያቃጥል ከሆነ ደህና ነው በሚል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቀዝቃዛ ከሆነ ፍግ አንሷል ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ክምሩ ይተን ነበር። ውርጭ በያዘው ጓሮ መሃል እንደ ከብት ሲተነፍስ አየው ነበር። ትንሽ እፈራውም ነበር።

ለምን ይህን ያህል እንደሚደክሙ አልጠየቅሁም። ደግ ሰው ናቸው ብዬ አለፍኩት።

ኦቦና አባቴ ደለሉን የሚሸከሙት በቃሬዛ ነበር፤ ሁለት አጣና መሃል ጆንያ ሰፍተውበት፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው። አንድ ቀን እናቴ ከቤት ስትወጣ ጥቁሩን ነገር ተሸክመው በጓሮ በር ሲገቡ አየቻቸው። እጇ ላይ የነበረውን ወንፊት ጣለች።

«ቃሬዛ ከግቢዬ ይውጣልኝ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሁለቱም ባሉበት አስቀመጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደለሉ በበሬ ቁርበት ላይ እየተጎተተ ገባ። አባቴ ገመዱን በትከሻው አድርጎ ይጎትታል፤ ኦቦ ከኋላ ይገፋሉ።

በግንቦት ክምሩ ተከፈተ። አረምም፣ ፍግም፣ ጭቃም አልነበረም፤ ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል አፈር ነው፣ የሚሸተውም የመጀመሪያ ዝናብ እንደነካው መሬት ነበር። አባቴ በእፍኙ ይዞ ረጅም ጊዜ ቆመ። እናቴን ሊጠራት ወደ ቤቱ በር ዞረ፣ ከዚያ ተወው።

በዚያ ክረምት ጓሯችን የሚይዘውን አጣ። የጎመኑ ቅጠል ሰፌድ አከለ። ነጭ ሽንኩርቱ ራሱ እንደ ሕፃን ጭብጥ ነበር። ማንም ሳይተክለው ከክምሩ ላይ የበቀለ ዱባ አጥሩን አልፎ መንገድ ዳር ወጣ። አባቴ የመጀመሪያውን ጎመን ቆርጦ ለእናቴ በሁለት እጁ ሰጣት። ተቀበለችው። አጠበችው፣ ከተፈችው፣ ቀቀለችው፣ ለእኔና ለአባቴ አቀረበችልን። ለራሷ በሌላ ድስት ሽሮ ሠርታ ነበር።

«አንቺስ?» አላት አባቴ።

«እኔ ከዚያ ውሃ አልበላም።»

እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ አልቀመሰችም። በሁዳዴ ቤት ውስጥ ሌላ የሚበላ ሳይኖር እንኳ እንጀራዋን በሚጥሚጣ ትበላ ነበር። እኔ ግን በላሁ። ይጣፍጥ ነበር። ጎመኑ ወፍራም፣ ጣፋጭ፣ ቅባት የተጨመረበት ዓይነት ነበር። እየጣፈጠኝ ስለበላሁ ለብዙ ዓመት ኃጢአት የሠራሁ ይመስለኝ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ጎረቤትም እንደ እናቴ ነበር። አባቴ ለየቤቱ ጎመን በእቅፍ እያደረገ ያድል ነበር፤ ሰው ፊት ለፊት ይቀበለዋል፣ ዞር ሲል ለከብት ይሰጠዋል። አንዴ ከጎረቤት ልጆች አንዷ «እናቴ የሬሳ ውሃ ጎመን ነው ብላለች» አለችኝ። ለአባቴ አልነገርኩትም፤ ግን ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ማደሉን አቆመ፤ እሱም ሰምቶ ይሆናል።

የንስሐ አባታችን ለጠበል ጠዲቅ ሲመጡ አባቴ ነገሩን አነሳላቸው። ቄሱ ለእናቴ እንዲህ አሏት፦ «ልጄ፣ አዳም ከተቀበረ ጀምሮ ከንጹሕ አፈር የበላ ሰው የለም። ሁሉም መሬት የሞተ አለበት።»

«እውነትዎን ነው አባቴ» አለች። ጉልበታቸውን ስማ ወደ ጓዳ ገባች። ማታ ሽሮዋን በላች።

አረሙ በየዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። ሥሩ ጭቃው ውስጥ ነውና ቢነቅሉት አያልቅም። ዝናቡ ሲያባራ ኩሬው አረንጓዴ ይሆናል፣ አባቴ ኮቱን አጥሩ ላይ ይሰቅላል። በየዓመቱ ክምሩ፣ በየዓመቱ መገልበጡ፤ ስምንት ዓመት እንዲህ ሄደ። ጓሮው እስከ ክርን ድረስ ዶማ የሚያግድ ነገር የሌለው ሆነ። አባቴ ግን እየደከመ ሄደ። ቁርጥማት ጉልበቱን ያዘው፤ ጠዋት አልጋው ላይ ተቀምጦ እግሩን በእጁ እያነሳ ነበር መሬት የሚያስነካው። ቀጥሎ ሳል መጣ። እናቴ ፌጦና ማር እየቀላቀለች ትሰጠዋለች፣ እግሩን በሙቅ ውሃ ታጥበዋለች። «ውሃው አይግቡ፣ ይገድልዎታል» ትለዋለች። እሱ «እሺ» ይላል፤ በማግስቱ ይገባል።

በስምንተኛው ዓመት ጥር ውስጥ ሞተ። ሳንባው ነው አሉን። የመጨረሻውን ሳምንት እናቴ ከአጠገቡ አልተነሳችም፤ እኔም ከቡራዩ መጥቼ ነበር፣ በዚያ ዓመት ነው እዚያ ባል ያገባሁት። ሁለቱም ሲነጋገሩ አልሰማሁም። እሷ ትጠብቅ ነበር፤ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። እሱ አንድ ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ፣ ውሃ ጠየቀ፣ ጠጣ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በሠልስቱ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ኦቦ ዳሱ ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ከእናቴ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እኔ ሳህን እያነሳሁ ነበር።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» አሉ እናቴን። «እሱ ሳይሞት መንገር ነበረብኝ። ያን ቀን የጠራሁት እኔ ነኝ።»

እናቴ ቀና አለች።

«ከፍርድ ቤት ወረቀት መጣልኝ። ማንበብ አልችልም። በአጥሩ በኩል ጠራሁትና አንብብልኝ አልኩት። ልጅቷ እጁን ይዛ አጠገቡ ነበረች። ወረቀቱን ሊዘረጋ እጇን ለቀቀ። አነበበልኝ። አልገባኝም፣ ድገምልኝ አልኩት። ሁለተኛውን የለመንኩት እኔ ነኝ። ቀና ስንል የለችም።»

እኔ ሳህኖቹን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«እሳቸው ለምን አልነገሩኝም?» አለች እናቴ።

«ንገራት እለው ነበር። ክምሩን ስንገለብጥ ሁሌ እለዋለሁ። ምን ብዬ፣ ይለኛል። ካልሆነ እኔ ልንገራት እለዋለሁ። እጇን የለቀቅሁት እኔ ነኝ፣ እርስዎን ምን አገባዎት፣ ይለኛል። አስምሎኝ ነው የኖርኩት።»

«ወረቀቱ ምን ይል ነበር?»

ኦቦ «ቀጠሮው ተላልፏል፣ በሌላ ቀን ቅረብ ይላል» አሉ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ቆይታ ለማንም ሳይሆን ለራሷ «ስምንት ዓመት አንድ ቃል ነው የጠበቅሁት» አለች። «እሱ አፈር ሲያመጣልኝ ኖረ።» ስለ አባቴ ስትናገር እሱ ስትል ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ከፊቷ የነበረውን የንፍሮ ሳህን ወደ ኦቦ ገፋ አደረገችላቸው። «ይቅመሱ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም» አለቻቸው። ኦቦ በሉ። እያለቀሱ ነበር የሚበሉት፤ እንባቸውን አልጠረጉም።

ይቅር ብላቸው እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ ስትናገር አልሰማኋትም። ግን በሚቀጥለው ጥቅምት ከቡራዩ ልጠይቃት ስሄድ ቤቱን ክፍት፣ ግቢውን ባዶ አገኘሁት። በጓሮ በኩል ስወርድ እናቴ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ እስከ ጉልበቷ ኩሬው ውስጥ ቆማ መንሹን ትስባለች። ኦቦ ዳር ላይ ሆነው አረሙን ይቀበሏታል። ሁለቱም አይነጋገሩም ነበር። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ውሃው አጥንት ይሰብራል። ከሥር ጭቃው እግር ይይዛል፤ አንዱን ስትነቅይ ሌላው ይሰምጣል። አባቴ ስምንት ዓመት እዚህ ውስጥ ቆሞ ምን ያስብ እንደነበር ለማወቅ ሞከርኩ። ከቅዝቃዜው በቀር ምንም ማሰብ አልቻልኩም።

እናቴና ኦቦ ሦስት ዓመት እንዲህ ሠሩ። ክምሩን ይክባሉ፣ ይገለብጣሉ፣ በግንቦት ይበትናሉ። የሚበቅለውን እናቴ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሚቀመጡ ነዳያን ታደርስ ነበር። እነሱ ከየት እንደመጣ አይጠይቁም።

በሦስተኛው ዓመት ባለርስቱ ትራክተር አስመጣ። ከኩሬው ማዶ ያሉት ጭሰኞች ሁሉ መኸሩን ሰብስበው እንዲለቁ ተነገራቸው፤ የኦቦ ክርክር ለዓመታት ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ሲሸጋገር ኖሮ በመጨረሻ ተዘጋ። በኅዳር አንድ ጠዋት ሊሰናበቱን መጡ። አጋጣሚ ሆኖ እኔም ነበርኩ። አህያቸው ላይ አንድ ሞፈር፣ ሁለት እንስራና የተጠቀለለ ቁርበት ተጭኗል።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?» አለቻቸው እናቴ።

«ወደ መናገሻ። የእህቴ ልጅ አለ።»

«መሬቱ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው ይላሉ። ጥቁር ነው።»

«የማን ነው?»

«የሰው ነው» አሉ።

እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ ነጭ ሽንኩርት በኩታ ቋጥራ አመጣችላቸው። ከዚያው ጓሮ የወጣ ነው። ኦቦ ቋጠሮውን ተቀብለው ትንሽ መዘኑትና አህያው ላይ አሰሩት። «ነጋቲ» አሉ፤ ደህና ሁኑ ማለታቸው ነው። እናቴም በኦሮምኛ መለሰችላቸው። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በመንገዱ ዳር፣ በመኪናዎቹ አቧራ ውስጥ ሄዱ። ከዚያ በኋላ አላየናቸውም። በሁለተኛው ዓመት መሞታቸውን ከገበያ ሰማን፤ የት እንደተቀበሩ የሚነግረን ሰው አላገኘንም።

ያን ጠዋት እናቴ እሳቸው ከዓይን እስኪጠፉ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ መንሹን ከግድግዳው አነሳች።

«ዛሬ አንቺ ዳር ላይ ሁኚ» አለችኝ። «እኔ እገባለሁ።»